ዕፀ ፈውስ በምርመራ ሚዛን፤ ከዳሞታ ግርጌ እስከ ኦቶና ደጃፍ

ከሶዶ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ ከሚታየው ከዳሞታ ተራራ ጀምሮ፣ በምሥራቅ ወደ ብላቴ ወንዝ፣ በምዕራብ ወደ ኦሞ ሸለቆ፣ በደቡብ ምሥራቅም ወደ አባያ ሐይቅ እየተዳፈተ የሚወርደው የወላይታ ምድር፣ ደጋውንና ወይናደጋውን ከቆላው ጋር በአጭር መንገድ ውስጥ አሰባስቦ የያዘ ስለ ሆነ ለልዩ ልዩ ዕፅዋት እጅግ የተመቸ ነው። በየቤቱ ጓሮ እንሰትና ቡና፣ በአጥሩ ሥር ጤና አዳምና ዳማከሴ፣ ወደ ቆላው ሲወረድም የአካባቢው ሰው ሃለኮ የሚለው ሽፈራው ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ከምግብነታቸውና ከመዓዛቸው ሌላ ለየአንዳንዳቸው የተሰጠ የፈውስ ሥራ አላቸው፤ ይኸኛው ለምች፣ ያኛው ለሆድ ቁርጠት፣ ሌላው አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ነው ይባላል፤ እንሰቱ እንኳ ሳይቀር ከብዙ ዝርያዎቹ መካከል ተለይቶ፣ አምቾ የሚባለው የሥሩ ክፍል ተቀቅሎ ስብራት ለደረሰበት ሰው የሚሰጥ ዓይነት አለው።

በዚሁ ምድር መካከል፣ በሶዶ ከተማ ኦቶና በሚባለው ሥፍራ፣ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ ከገባ በኋላ የተመሠረተው የሕክምና ቤት፣ በብዙ የዘመን መለዋወጥ ውስጥ አልፎ፣ ዛሬ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኗል፤ ሕዝቡ ግን እስከ አሁን ድረስ በቀድሞ ስሙ «ኦቶና ሆስፒታል» እያለ ይጠራዋል። እንግዲህ የመርፌውና የክኒኑ ሕክምና ከቅጠሉና ከሥሩ ሕክምና ጋር በአንድ ከተማ ጎረቤት ሆኖ መኖር ከጀመረ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል ማለት ነው። በሽተኛው በሁለቱ መካከል ያለ ዕረፍት ሲመላለስ፣ ማለዳ የባለመድኃኒቱን ጭማቂ ጠጥቶ ከቀትር በኋላ በኦቶና ካርድ ክፍል ሲሰለፍ ኖሯል፤ ሁለቱ ባለሙያዎች ግን እርስ በርሳቸው የተነጋገሩበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ሐኪሙ ቅጠሉን ሳይመረምር ይንቀዋል፤ ባለመድኃኒቱም ነቀፋን ስለሚፈራ ዕውቀቱን ይሸሽጋል። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሊቆም ስለሚገባው ስለ ሦስተኛው ነገር፣ ይኸውም ስለ ምርመራ ነው። ምርመራ ስንልም ዕፅዋትን ማወደስ ወይም መንቀፍ ሳይሆን፣ ምን ያህሉ እንደሚያድን፣ ምን ያህሉ እንደሚጎዳና ለማን እንደማይገባ ለይቶ ማወቅ ማለታችን ነው።

በሀገራችን የመድኃኒት ዕውቀት ያለ ጽሕፈት የኖረ አይደለም። በሰሜኑ ክፍል ደብተራዎችና መሪጌቶች የዕፅዋቱን ስም፣ የአዘገጃጀቱን ሥርዓትና የሕማሙን ዓይነት በግእዝና በአማርኛ በብራና ላይ ጽፈው አቆይተዋል፤ ዕፀ ደብዳቤ በሚል ስም የሚታወቁት ጽሑፎች ከነዚህ ወገን ሲሆኑ፣ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ሥራው የኢትዮጵያን የሕክምና ድርሳናት ለውጭው ዓለም ሊቃውንት ገልጧቸዋል። የወላይታ ዕውቀት ግን በብራና ሳይሆን በአንደበት የተቀመጠ፣ ከአባት ወደ ተመረጠ አንድ ልጅ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በቃል የሚተላለፍ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ሳይናገር ያረፈ እንደሆነ መልሶ የሚገለጥ መጽሐፍ የለውም። ስለዚህ የደቡቡ ክፍል ጥበብ ከሰሜኑ ይልቅ ለመጥፋት የቀረበ ነው፤ ለምርመራው መቸኮላችንም ከዚህ የተነሣ ነው።

መንግሥትም ቢሆን ይህን ዕውቀት ፈጽሞ ችላ ብሎት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የወጡት የሕክምና ሕጎች ለባህል መድኃኒት ባለሙያዎች ሥፍራ ሰጥተዋቸው ነበር፤ በአልማ አታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 የተደረገው ታላቁ የጤና ጉባኤ የባህል ሕክምና ባለሙያዎችን ከጤና አገልግሎት ጋር ማቀራረብ እንደሚገባ ካስታወቀ በኋላም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውስጥ የባህል መድኃኒትን ጉዳይ የሚያስተባብር ቢሮ ተቋቋመ። እንደ ዶክተር ዳዊት አበበና እንደ ዶክተር አስፋው ደበላ ያሉ ተመራማሪዎች ብዙ ዘመናቸውን የሰጡት በዚህ መስክ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርም እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ በተከናወነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት አማካይነት ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶችን ስምና መልክ ለይቶ አስመዝግቧል። ይህ ሥራ ከውጭ ለሚያየው ደረቅ ቅጠል በወረቀት ላይ መለጠፍ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንድን ስም ሁለት ወረዳዎች ለሁለት ልዩ ልዩ ተክሎች በሚሰጡበት ሀገር፣ ተክሉ በትክክል ካልታወቀ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ምርመራ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ተክሉ ከታወቀ በኋላ ደግሞ የመጠኑ ጥያቄ ይከተላል። ስለ ወላይታ ሲነገር የከብቱን ሥጋና ከእርሱ ጋር የሚቀርበውን ዳጣ ሳያነሣ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት ሀገር ሁሉ ግን የኮሶ ትል አብሮ ይኖራል፤ አበውም ይህን ትል ለማስወጣት ትሉ ራሱ በስሙ የተጠራበትን የኮሶ ዛፍ አበባ ሲጠጡ ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የዛፉን ሥዕልና ጠባይ ለአውሮፓ አስታወቀ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ኮሶ በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ተመዝግቦ በየፋርማሲው ይሸጥ ጀመር። የእኛ ሰዎች ከወንዱና ከሴቴው አበባ የቱ እንደሚሻል፣ ሴቴው ትሉን እንደሚያስወጣ ወንዱ ግን እንደሚያስታውክ፣ በባዶ ሆድ መጠጣት እንደሚገባ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ነገር ግን መጠኑን በጽዋ እንጂ በሚዛን አልለኩትም ነበርና፣ ከልክ በላይ የጠጣ ሰው የዓይኑ ጅማት ተጎድቶ እስከ መታወር ሊደርስ እንደሚችል በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ መስክረዋል። አንዱ ኮሶ በአንዱ ሰው ፈውስ፣ በሌላው ሰው መርዝ ሆኖ የተገኘው ዛፉ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ አበባው ከቦታ ቦታ፣ ከወቅት ወቅት፣ ከአዲስነት ወደ አሮጌነት የሚይዘው ኃይል ስለሚለያይ፣ ጽዋውም የአበባውን ብዛት እንጂ በውስጡ ያለውን የመድኃኒት ኃይል ሊለካ ስለማይችል ነው።

መፍትሔው ምን እንደሆነ መተሬ በተባለው ትንሽ ተክል ላይ የተሠራው ሥራ ያሳየናል። መተሬ በመሬት ላይ የሚሳብ ተክል ሲሆን፣ ፍሬው እየተወቀጠ ለኮሶ ትል ሲሰጥ የኖረ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ቅመማ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም፣ ከዶክተር አበበ እንዳለና ከጀርመናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ ፍሬ ውስጥ ትሉን የሚያስወጣውን ክፍል አውጥተው፣ በየጊዜው መጠኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን አድርገው፣ ወደ ክኒን ለመለወጥ የሚያበቃውን መንገድ በጥናት አሳይተዋል። በእኔ ግምት ከባህል መድኃኒት ምርመራ ሁሉ በጣም የሚያስፈልገን እንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው «መተሬ ያድናልን?» ብቻ ሳይሆን «ሁልጊዜ በአንድ ልክ እንዲያድን እንዴት እናድርግ?» የሚል ስለ ሆነ፣ እናቶቻችን ያገኙትን ሳይሽር የጎደለውን ይሞላል።

ከዚህ ሁሉ ግን በዓለም ዘንድ ስሙ የታወቀው የእንዶድ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዝያን በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች፣ ከላዩ ባለው ውሃ ግን ሕያዋን የሆኑትን ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ካደገ በኋላ ስለ ሆነ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይቆርጣል ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ ያዩትን በሙከራ አረጋገጡ፤ ከዚያም በዐድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ወንዞችን በእንዶድ በማከም በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆኑት ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስም ብዙ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያወዳደሩ፣ ዓይነት 44 ተብሎ የሚታወቀውን ብርቱ ዘር መርጠው አለሙ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱት የምርምር ተቋምም ዛሬ በስማቸው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተብሎ ይጠራል። ነገር ግን ይህን የመሰለ ግኝት በሀገሩ ወንዞች ሁሉ ላይ ለመዋል ሳይታደል፣ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚዘጉትን ባለ ዛጎል ፍጥረታት እንደሚገድል ካወቁ በኋላ ለዚሁ ጥቅም የባለቤትነት መብት አስመዘገቡ። የዐድዋ ሴቶች ዕውቀት እንዲህ ባሕር ተሻግሮ የሌላ ንብረት ሲሆን ማየት ልብን ያሳዝናል፤ ለወላይታ ባለመድኃኒትም የሚሸሽግበት ምክንያት ፈጽሞ ከንቱ አለመሆኑን ያስረዳል።

የምርመራን ጥንቃቄ በተመለከተ ደግሞ ከቻይና የሚገኘው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የጠለቀ ይመስለኛል። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ የአርቴሚስያን ቅጠል በመቀቀል ብትሞክር የተስተካከለ ውጤት አላገኘችም፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገ ሆንግ የተባለ ጠቢብ የጻፈውን የመድኃኒት መጽሐፍ ብታነብ ግን ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ይጠጣ እንጂ ይቀቀል እንደማይል አስተዋለች። እሳቱ መድኃኒቱን እያጠፋው መሆኑን ገምታ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ፈሳሽ ብታወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጥና በዝንጀሮ ወባ ላይ ፍጹም ኃይል ያለው ሆኖ ተገኘ። አርቴሚሲኒን ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ የተሠራው ኮአርተም የሚባለው ክኒን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በኢትዮጵያም ለብርቱው ወባ የመጀመሪያ መድኃኒት ሆኖ ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ በአባያ ዳርቻና በብላቴ ቆላ የሚኖረው የወላይታ ገበሬም ሕይወቱን ያተረፈበት ነው። ቱ ዩዩም ለዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለመች።

እንግዲህ ወደ ጓሯችን እንመለስ። አንዲት የወላይታ እናት ምች ለመታው ልጅዋ ዳማከሴውን ከነርጥበቱ ቀጥፋ፣ በእጅዋ አሽታ፣ ጭማቂውን በአፍንጫውና በአፉ ጠብ ታደርግለታለች እንጂ አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በአልኮል ዘፍዝፋ አትሰጠውም፤ ብዙ ተመራማሪ ግን በቤተ ሙከራው የሚያደርገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ዳማከሴ በአይጦች ላይ ተፈትኖ ትኩሳትን የማስታገስ ኃይል እንዳለው ፕሮፌሰር ኢያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 አስታውቀዋል፤ ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን የአዘገጃጀቱን ሥርዓት ከነጊዜው፣ ከነመጠኑ፣ ከነተጨማሪው ሳይመዘግቡ «ተክሉን ሞክረነው አልሠራም» ወይም «ሠራ» ማለት፣ እናቲቱ ያላደረገችውን ነገር በእናቲቱ ስም መመስከር ነው። የባህሉን ሥርዓት እንደ አጉል ልማድ ቆጥሮ የተወ ተመራማሪ፣ ከሥርዓቱ ጋር መድኃኒቱንም ጥሎት ሊሄድ ይችላል።

ሽፈራውን በተመለከተ ዛሬ በየገበያው የሚነገረው ውዳሴ ከምርመራው ቀድሞ የሄደ ስለ ሆነ በአጭሩ ብቻ እናነሣዋለን። ቅጠሉ ምግብ መሆኑ ዘመናት የመሰከሩለት ነው፤ የቅጠሉ ውሃ በጥንቸሎች ደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንደሚቀንስም እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ የኢትዮጵያውያን ጥናት ታይቷል። ሆኖም ጥንቸል ሰው አይደለምና፣ ይህን ይዞ የስኳር ሕሙማንን «የሐኪሙን መድኃኒት ተዉ» ማለት ኃጢአት ነው። ብልህነቱ ያለው ከቤተ ሙከራ ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳ ወደ ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች፣ ከነዚያም ወደ ብዙ ሕሙማን በደረጃ መሻገር ላይ ነው፤ በሀገራችን ከሁለተኛው ደረጃ የተሻገሩት ዕፅዋት ደግሞ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በብርጭቆ ሳህን ላይ ጀርም መግደሉ ብቻ ለመድኃኒትነት አያበቃም፤ በረኪናም ይገድላል።

የሩቁን መንገድ ትዕግሥት ግን ዋጋ እንዳለው የአጣጥ ወገን የሆነው ቍጥቋጦ ይመሰክራል። ከኢትዮጵያ ምድር ከተሰበሰበው ከዚህ ተክል ውስጥ ሞሪስ ካፕቻን የተባለው አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሜይታንሲን የተባለውን ኃይለኛ ንጥረ ነገር አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1972 አስታወቀ። በመጀመሪያ በካንሰር ሕሙማን ላይ ሲሞከር ጉዳቱ በርትቶ ተተወ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ሊቃውንት ከእርሱ የተገኘውን ንጥረ ነገር የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ሌላ መድኃኒት ጋር ቢያጣምሩት፣ መርዙ በአመዛኙ ወደ ዕጢው የሚያመራ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቀደ። ከግኝቱ እስከ ፈቃዱ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል።

ወላይታ ራሷ ለምርመራ እንግዳ አይደለችም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚደርሰው የእግር እብጠት ለብዙ ዘመን በዘር የሚወረድ ርግማን እየተባለ ሕሙማኑ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው የወላይታን ሰዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳተሙት፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ የተፈጥሮ ጠባይ በእርግጥ በዘር ይተላለፋል፤ በሽታውን የሚያስነሣው ግን አፈሩ ነው፤ ስለዚህም ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ይከላከሉታል። ሽማግሌዎቹ በቤተሰብ ሲደጋገም በማየታቸው አልተሳሳቱም፤ ርግማን በማለታቸው ግን ተሳስተዋል። ምርመራ እውነቱንና ስሕተቱን ከአንድ አባባል ውስጥ እንዲህ ለይቶ ያወጣል፤ በቅጠሉም ላይ ይህንኑ ለማድረግ የሚከለክለን ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ባለመድኃኒቱ አፉን እንዲከፍት ከተፈለገ በቅድሚያ መተማመኛ ሊሰጠው ይገባል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን፣ ማለትም የማግኘትን ሥርዓት፣ የማኅበረሰብ መብቶችንም ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ እንዳይወሰድበትና ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻ እንዲኖረው ያዝዛል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕጉን የወላይታ ባለመድኃኒት ካላወቀው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ተመራማሪ ተብሎ ማስታወሻ ይዞ ወደ መንደር የሚሄድ ተማሪ ሁሉ፣ ቅጠሉን ከመጠየቁ በፊት ይህን መብት በወላይትኛ የማስረዳት፣ ውጤቱም ሲታወቅ ተመልሶ የመንገር ግዴታ አለበት። መረጃውን ወስዶ ዲግሪውን ተቀብሎ ሳይመለስ የሚቀር ሰው በቀጣዩ ተመራማሪ ላይ በሩን ይዘጋል።

የኦቶና ሐኪሞችንም አንድ ነገር እንለምናቸዋለን። በሽተኛውን ስትጠይቁ «ምን ዓይነት የባህል መድኃኒት ወስደሃል?» የሚለውን ጥያቄ ያለ ቁጣና ያለ ፌዝ ጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ጻፉት። ጉበቱ ወይም ኵላሊቱ ተጎድቶ የመጣው ሰው የትኛውን ሥር እንደ ጠጣ በጽሑፍ ቢከማች፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የትኛው ተክል እንደሚያሠጋ የሚያመለክት መዝገብ ይገኛል፤ ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

እናንተም አንባቢዎች ሆይ፣ ከባለመድኃኒት የወሰዳችሁትን ከሐኪም አትሸሽጉ። በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት እንደ እንዶድና እንደ ጤና አዳም ያሉትን ዕፅዋት በመድኃኒትነት ከመውሰድ ትጠበቅ፤ ፅንስ ሊያስወርዱ ይችላሉና። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ሽፈራውን በሻይ ወይም በዱቄት በብዛት ስትጨምሩ ለሐኪማችሁ አስታውቁት። ወደ ኦቶናም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትሄዱ የተክሉን ስም፣ የወሰዳችሁበትን ቀንና መጠኑን ሳትፈሩ ንገሩ፤ ስሙን የማታውቁት እንደሆነም ቅጠሉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።